ግድግዳው ላይ የወጣው አራተኛው ሰሚያስ

ሸማ ተራ ጋቢ የሚሸጠው እንድሪስ በአርባ አራት ዓመቱ የሰከነ ሰው ነው፤ መኪናው ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ደንበኛ አንድ ጋቢ ለመግዛት አሥራ ሁለት ቢያስዘረጋው እንኳ ፊቱ አይጠቁርም። መሪ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ከአባቱ የወረሳት ነጭ ዲኤክስ አለችው። አባትየው ሠላሳ ዓመት ቀስ አድርገው የነዷትን መኪና፣ እሱ ሞተሯን አስወጥቶ እጥፍ ጉልበት ያለው አስገባባት። ሰፋፊ ጎማም ገጠመላት። መርካቶ ስትነሳ ሽሮ ሜዳ ድረስ ትሰማለች ይላል፤ ማጋነን ትንሽ ይወዳል።

ችግሩ ሰሚያሷ ነው። የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ይህ ዘንግ ለድሮው ሞተር የተሠራ ቀጭን ነገር ነው። የሰፈሩ ወጣቶች እንድሪስን ባዩ ቁጥር «ንካት!» ይሉታል። እሱም፣ አይ እንድሪስ፣ ነዳጁን ረግጦ ይነካታል። ሰሚያሱ ቋ ይላል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም፤ እነዚያው ወጣቶች እየሳቁ ይገፉለታል።

በስድስት ወር ሦስት ሰበረ። የቀየሩለት የሶማሌ ተራው መለዋወጫ ሻጭ ጋሼ ባህረዲን ናቸው። እሳቸው የተሰበረ ሰሚያስ አይጥሉም። ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉትና በጠመኔ የሰባሪውን ስም ይጽፉበታል፤ የገባ ሁሉ ያነባል። ጋቢ ሱቁ ውስጥ ከእንድሪስ ጋር የምትሸጠው ሚስቱ ጠሂራ፣ የባሏን ስም ሦስት ቦታ ያነበበች ቀን ዓይኗ ደም ለበሰ።

«አራተኛ ከተሰበረ መኪናዋ ትሸጣለች» አለችው። «ወላሂ በል።»

እንድሪስ ያድኑኝ ብሎ ወደ ጋሼ ባህረዲን ዞረ። እሳቸው ጠመኔያቸውን መመርመር ጀመሩ። ምን ያድርግ፣ ወላሂ አለ። አባቱ መንዳት ያስተማሩት በዚያች መኪና ነው፤ እጃቸውን እጁ ላይ ደርበው ማርሽ ያስቀየሩት እሷ ውስጥ ነው። እሷን መሸጥ እንዴት ይቻለዋል?

በማግስቱ ብቻውን ተመልሶ ወፍራም ሰሚያስ እንዲፈልጉለት ለመናቸው። ሰሚያሱን ብታወፍረው ቀጥሎ ያለው ዲፍሬንሻሉ ይበላል፣ እሱን ብታጠነክረው የማርሹ ሳጥን ካምቢዮው ይከተላል፣ የት ልትደርስ ነው አሉት።

«ጎማዎቹን አውልቃቸው» አሉት። «ሰፊ ጎማ አስፋልቱን ነክሶ ሲይዝ ጉልበቱ መሄጃ ያጣና ሰሚያሱን ይጠመዝዘዋል። ቀጭን ጎማ ይንሸራተታል፤ ትንሽ ይጮኽ እንደሆን እንጂ ግድግዳዬ ላይ አይወጣም።»

እንድሪስ እያመመው የአባቱን ቀጫጭን ጎማዎች መለሰ። ሰፋፊዎቹን ጋቢ አልብሶ የሱቁ ጓዳ አስቀመጣቸው። ለጠሂራ ሰሚያሱን ፈርቼ ነው ብሎ እውነቱን መናገር ግን ሞቱ ነው፤ ሰለቹኝ አላት። ሁለት ወር ሙሉ ሰሚያሱ ደህና ሰነበተ። ወጣቶቹ ግን መኪናዋን ባለ ብስክሌት እግሯ እያሉ ይስቁባት ጀመር፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ጠሂራ ይህን አየችና አንጀቷን በላት። በእሷ ወላሂ ምክንያት ደስታውን ያወለቀ መሰላት። እሱ በታክሲ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ጋ በሄደበት አንድ ማክሰኞ፣ ቁልፉን ከመሳቢያ አንስታ ሰፋፊዎቹን ጎማዎች መኪናዋ ላይ ጭና ጎሚስታ ጋ ነድታ አስገጠመች። ልታስደስተው ነው እንግዲህ። ስትመለስ ወጣቶቹ ጎማዎቹን አዩ።

«እትዬ ጠሂራ፣ ይንኳት!»

በዕድሜዋ ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም። ግራ ቀኝ አየች። መርካቶ ውስጥ በማይታመን ሁኔታ መንገዱ ክፍት ነበር። ነካቻት። ለሁለት ሴኮንድ ያህል ወንበሩ ጀርባዋን ገፋት፣ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ቋ።

እንድሪስ ሲመለስ መኪናዋ መሀል መንገድ ቆማለች፣ ሚስቱ መሪውን እንደጨበጠች ነች። ጎማዎቹን ሲያይ ሁሉም ገባው። አጠገቧ ገብቶ ተቀመጠና ለምን እንዳወለቃቸው ሳይደብቅ ነገራት። ጠሂራ መሪውን ሳትለቅ ወደ እሱ ዞረች።

«ስትነሳ ሁልጊዜ ወንበሩ እንዲህ ይገፋል?» አለችው።

«ሁልጊዜ።»

ከሰዓት በኋላ የተሰበረውን ሰሚያስ አስፈትተው ይዘው ሶማሌ ተራ ሄዱ። ጋሼ ባህረዲን ወላሂውስ ምን ሊሆን ነው ብለው ጠየቁ። ጠሂራ የወላሂው ከፋራ፣ የመሐላው ካሳ፣ በእኔ ነው፣ አርብ አሥር ሚስኪን አብልቼ አወርደዋለሁ፣ መኪናዋ አትሸጥም አለች። ሽማግሌው ሰሚያሱን ሰቀሉና ጠመኔያቸውን አነሱ። እንድሪስ ሚስቱ በሰው ፊት እንዳታፍር ብሎ የእኔን ስም ይጻፉ አላቸው።

«ምን ሲደረግ» አለች ጠሂራ። ጠመኔውን ከእጃቸው ተቀብላ በእግሯ ጣቶች ቆመችና፣ ከሦስቱም የባሏ ስሞች አስበልጣ የራሷን ስም ጻፈች።