የዱርቤቴ መኪና እስኪነሳ

ዜማ ጎረቤቴ ናት። ዘንዘልማ በአንድ ግቢ ስንኖር ስድስት ዓመት ሞላን። እሷ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ብሩክ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሠራተኛውን ቤት ሲያስቀምጥ፣ ሁለቱ ልጆችና እነሱ፣ አራት ሰው በእሷ ደመወዝ ላይ ወደቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያማርር ነበር። ዜማ ግን ገበያውን እንደ ትምህርት አጠናችው። የይፋግን ስባሪ ሩዝ ከጤፍ ጋር አስፈጭታ እንጀራዋን አበረከተችው። ሐይቁ ዳር ዓሣ እየገፈፈች ከምትሸጠው ከሸሪፋ ዘንድ ጭንቅላቱንና አጥንቱን በርካሽ ትወስድና ለሾርባ ታደርገዋለች። የተጨፈለቀ ቲማቲም የምትገዛው የዚያኑ ዕለት ወጥ ስለምትሠራበት ነው። "የራበው ሰው የማያስፈልገውን ይሸምታል" ትልና ሳትበላ ገበያ አትወጣም። ገበያውን አንድ ጊዜ ሳትዞረውም ዋጋ አትጠይቅም። እኔም ከእሷ ብዙ ተማርሁ።

ዋናው ዘዴዋ ግን መጠበቅ ነበር። የቅዳሜ ገበያ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ሌላ ገበያ ነው። ከገጠር የመጣ ሻጭ ያልተሸጠለትን ተሸክሞ መመለስ አይፈልግም። መንገዱ ደግሞ በዚህ ዘመን ሳይመሽ ስለሚዘጋ፣ ሻጮቹን ወደ ዱርቤቴ የሚመልሰው የመጨረሻው መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። ዜማ ዘጠኝ ተኩል ላይ ትደርስና አንዱን ሻጭ መርጣ ፊቱ ትቀመጣለች።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ አብሬያት ነበርሁ። አንዲት አሮጊት ማዳበሪያ አንጥፈው ዛላ በርበሬ ይሸጣሉ። ሰው ሁሉ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ይላቸዋል። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሰውን የሚያዩት እንደ ጥላ ነው፤ ብሩን በጣታቸው ዳብሰው ይለያሉ።

ዜማ ዋጋ ጠየቀች፤ ነገሯት። በግማሹ ስጡኝ አለች።

"ኧረ ልጄ፣ ይህስ የለቀሙበትንም አይመልስ" አሉ።

"እንግዲያው ይቆይ። እኔ አልቸኩልም እማማ" አለችና ፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ሽንኩርት የሚሸጠው አለበል ዕቃውን ሸክፎ ሲያልፍ፣ "እማማ፣ መኪናው እየሞላ ነው" አላቸው። ትንሽ ቀነሱ። ዜማ ከድንጋዩ አልተነሳችም። ደግሞ ቀነሱ። "እኔ አልቸኩልም" አለች እንደገና፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቤት ያሉት ልጆች ናቸው በሐሳቧ ያሉት። ወዲያው ከመናኸሪያው በኩል ጡሩምባ ተሰማ። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ በርበሬውን በሙሉ ዘንቢሏ ውስጥ ገለበጡት።

"ውሰጅው። ጊዜው ያንች ነው" አሉ።

ገንዘቡን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩና በምርኩዛቸው መንገዱን እየዳሰሱ ሄዱ። ዜማ ደስ ብሏት ነበር። እኔም ጎበዝ አልኋት።

በሳምንቱ የአሮጊቷ ቦታ ባዶ ነበር። አለበልን ጠየቅነው።

"መኪናው ጥሏቸው ሄደ" አለን። "እኔ ውስጥ ሆኜ ሲመጡ አያቸዋለሁ፤ ሹፌሩን ብለምነው አልቆም አለ። በእግራቸው መንገድ ጀመሩ ሲባል ሰማሁ። አገራቸው ከእኛ ወዲያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።"

ዜማ ያን ቀን ምንም ሳትሸምት ተመለሰች። ከዚያም በርበሬው የገባበትን ወጥ ልጆቹ ሲበሉ እሷ እጇን መስደድ አቃታት። መንገድ ላይ ምርኩዝ የያዘች ሴት ባየች ቁጥር ሮጣ ፊቷን ታያለች። አንድ ጠዋት ቧንቧው ላይ ውሃ ስንቀዳ፣ "መቅደላዊት፣ አሁን የተናገረው ማነው?" አለችኝ። ግቢው ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

"ምን አለ?" አልኋት።

"ጊዜው ያንች ነው ይላል።"

ገበያ ላይም የተጠራውን ዋጋ ሳትከራከር መክፈል ጀመረች። ወሩ ሳይጋመስ ቤቷ ባዶ ሆነ፤ ልጆቹ ቆሎ በልተው የሚተኙበት ቀን መጣ። ብሩክ ደጄ ድረስ መጥቶ፣ "ዜማን ምን ነካብኝ?" ሲለኝ፣ አሮጊቷን ፍለጋ ዱርቤቴ ልወስዳት ወሰንሁ።

በዐቢይ ጾም ሄድን። አለበል ሰፈሩን ጠቆመን፤ ከከተማው ወጥተን አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። አሮጊቷ አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ዜማ ክንዴን ጨብጣ፣ "አሉ" አለች በሹክሹክታ። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለኝ።

እንግዳ መሆናችንን ሲሰሙ ንፍሮ አስቀረቡልን። ገበያ ለምን እንደቀሩ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ።

"አንድ ቅዳሜ መኪና ጣለኝ፤ ድልድይ ሥር አደርሁ" አሉ። "ጅቡ እስኪነጋ ከማዶ ሲጮህ፣ እኔ ዳዊቴን በቃሌ ስል። ብርዱ እግሬን ያዘው፤ ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ አለኝ። አንዲት የከተማ ሴት ፊቴ ቁጭ ብላ ጊዜዬን ጨረሰችው።"

ቁጣ አልነበረባቸውም። ስለ በረዶ ወይም ስለ ተምች የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

"እማማ..." አለች ዜማ።

አሮጊቷ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ይህን ድምፅ የት ነው የማውቀው?" አሉ።

ዜማ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ እሷ መልሰው ጠበቁ፤ ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ጭንቁን ስላልቻልሁት፣ "ገበያ ላይ ሰምተውት ይሆናል" አልሁ። ያመጣነውን ስኳርና ሳሙና እግራቸው ሥር አስቀምጠን ስንነሳ፣ "ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ" ብለው መረቁን።

መኪና ውስጥ፣ "አፌ ላይ ደርሶ ነበር" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ መላ ያመጣችው ራሷ ናት። የግቢያችንን አምስት ቤቶች አሰባሰበች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበሬው ዕቃውን ገና ሲያወርድ፣ በደህና ዋጋ አንድ ሙሉ ጆንያ በጋራ እንገዛና እንካፈላለን። ሻጩም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አይውልም፣ ለእኛም ከማታው ገበያ ብዙም አልተወደደብን። ቤቷ ቀና፤ ባሏም ሥራው ላይ ተመለሰ። ዋጋ የምነጋገረው ግን እኔ ነኝ። ዜማ ከኋላዬ ትቆምና ካልተስማማት ነጠላዬን ትጎትታለች። ሻጭ ፊት ድምፅዋን አታሰማም፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላም ከገበያው ትወጣለች።

"እንሂድና ንገሪያቸው" እላታለሁ።

"ፋሲካ ይለፍ" ትለኛለች። ሁለት ፋሲካ አልፏል። ቅዳሜ ቅዳሜ አለበልን ስናገኘው በክርኗ ትነካኛለች፤ እማማ እንዴት ናቸው ብዬ እጠይቀዋለሁ።

"አሉ፤ ደህና ናቸው" ይላል።