ዘጠኝ ሊሬ ከዘጠና

ባለፈው ኅዳር የልጅ ልጄ ሰሚራ ብርድ ልብስ ልትገዛልኝ ደብረ ብርሃን መሀል ከተማ ወዳለ አንድ ሱቅ ወሰደችኝ። ውርጩ ጀምሮ ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ደግሞ የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚናቅ አይደለም። ብርድ ልብሱ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ዋጋው ተጽፏል፦ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ብር ከሃምሳ።

«ለምን ሁለት መቶ ብለው አይገላገሉም?» አልኋት።

ሰሚራ ኮሌጅ ትማራለች፤ የማታውቀው ነገር የለም። «እማማ፣ የሰው ዓይን የሚይዘው የመጀመሪያዋን ቁጥር ነው። ሰው ቤቱ ሲገባ በመቶ ምናምን ብር ገዛሁ ይላል እንጂ ሁለት መቶ አወጣሁ አይልም።»

«ታዲያ ለሃምሳ ሳንቲም ብለን እንሞኛለን?»

«በደንብ አድርገን።»

ሳቅሁ። ሁለት መቶ ብር ከፍለን፣ ብርድ ልብሱን ሰሚራ ታቅፋ ወጣን። አስፋልቱን ልንሻገር ስንል ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ፤ ወዲያው የልጃገረድ ድምፅ ተከተለው። «እማማ! መልስዎን! መልስዎን ረስተውት ሄዱ!»

ዞር ማለት አቃተኝና እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልሁ። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ «ስኳሯ ነው፣ ለስላሳ ስጧት» አለ። ስኳር የለብኝም። ያቺ ልጅ የጮኸችው ጩኸት የእኔ ነበር። እኔም እዚሁ ከተማ፣ ከዚያ ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ልክ እንደዚያ ብዬ ጮኼ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት አባቴ የአሊዩ አምባ ሱቁን ዘግቶ ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን አመጣኝ። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ግርጌ ያለ የቆላ ገበያ ነው፤ ያደግሁት እዚያ ነው። መንገዱ አልሆን ብሎ፣ ነጋዴው ተበትኖ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። እናቴ ከዚያ በፊት ስለሞተች አባቴ ያለችው ልጅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ደጋውን አልወደድሁትም። ጠዋት ጠዋት የውኃ እንስራው ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል፤ የገብሱ ቂጣ ሳይበርድ ካልተበላ ጥርስ ይፈትናል። ከቆላ የሚመጡ ዘመዶች ጥንቅሽ ሲያመጡልኝ ደጃፍ ተቀምጬ አገዳውን እየላጥሁ እመጥጣለሁ፤ ያን ጊዜ ብቻ አገሬ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

የምንሸጠው ጨርቅ ነው፤ ባብዛኛው አቡጀዲ። አባቴ ወንዶቹን ያስተናግዳል፣ ሴቶቹን ለእኔ ይተዋል። በክንዴ ለክቼ፣ ጣት የምታህል ምርቃት ጨምሬ እቀድዳለሁ። ያን ጊዜ የከተማው የጣሊያን ሹም አንድ ትእዛዝ አወጣ። አሥር ሊሬና ከዚያ በላይ ጨርቅ የገዛ ሰው ስሙና አገሩ በመዝገብ ይጻፋል፤ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከከተማ ሲወጣ ያንን ወረቀት ኬላው ላይ ያሳያል። ወረቀት የሌለው ጨርቅ እዚሁ ከተማ ይለበሳል እንጂ ከኬላው አያልፍም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። አርበኞቹ ገደሉ ውስጥ ናቸው፤ ቁስል የሚታሰረው፣ ሬሳ የሚገነዘው በአቡጀዲ ነው።

ትእዛዙ በወጣ ማግስት አባቴ አቡጀዲውን ሁሉ በቁራጭ በቁራጭ ቆራረጠና የአንዱን ቁራጭ ዋጋ ዘጠኝ ሊሬ ከዘጠና ሳንቲም አደረገው። እኔ እንደ ሰሚራ ነበር ያሰብሁት፤ ገበያ ማማለያ መሰለኝ። እንዲያውም «ርካሽ እንዲመስል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ስም እንዳይጻፍ ነው» አለኝ። «የገዛ ሰው ማን እንደሆነ እኔም አልጠይቅ፣ አንቺም አትጠይቂ። የማታውቂውን ሰው ግርፋትም ቢመጣ አታወጪውም።»

ስለ አባቴ አንድ ሌላ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሠራሁት ነገር የእብድ ሥራ ይመስላል። አባቴ የሰው ሐቅ የሚባል ነገር ያስፈራው ነበር። አንድ ጊዜ፣ አሊዩ አምባ ሳለን፣ አንዲት ገበሬ የረሳችውን አንዲት አሞሌ ጨው ተሸክሞ ግማሽ ቀን ተጉዞ አድርሶላታል። «የሰው ሐቅ ይዞ ያደረ ሰው ሰላቱም አይያዝለትም» ይል ነበር። እኔም መራመድ ከጀመርሁ ጀምሮ ይህንን ስሰማ ነው ያደግሁ። በሱቃችን መልሱን ትቶ የሄደ ደንበኛ ካለ ሮጬ ማድረስ የእኔ ሥራ ነበር። አሥር ሳንቲም ብትሆንም።

ቀኑ ጁምዓ ነበር። አባቴ ሰላት ሊሰግድ ሄዶ ሱቁን ይዤ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ገባች፤ አንገቷ ላይ ማተብ፣ ነጠላዋ አፈር የጠገበ፣ ግራ አውራ ጣቷ ላይ ጥፍር የሌላት። ያንን ጣት እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ አቡጀዲውን ስትዳስስ እሱ ነበር ፊት ፊት የሚሄደው።

«ስንት ነው ልጄ?»

«ዘጠኝ ሊሬ ከዘጠና፣ እትዬ።»

«አሥሯ ምን አደረገቻችሁ?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ሰውነትን ዘና ያደርግ ነበር። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ያስቀመጥሁትን ጥንቅሽ አየች። «ይህስ? ከቆላ ነው?»

«ከአሊዩ አምባ ነው። ይቅመሱ።»

ቆርጬ ሰጠኋት። ቆማ መጠጠች፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የራባት ሰው መሰለኝ። ከነጠላዋ ጫፍ የታጠፈ አሥር ሊሬ ፈትታ ሰጠችኝና፣ «ጓዳ አለሽ? መቀነቴ ላልቶብኝ ነው» አለች። መልሷን ባንኮኒው ላይ አኑሬ መጋረጃውን አሳየኋት፤ ቁራጩን ይዛ ገባች። በዚያው ሌላ ሴት መርፌና ክር ልትገዛ ገብታ ስትከራከረኝ፣ ያቺ ሴት ከጓዳ ወጥታ በጎኔ አለፈች። እጇ ባዶ እንደነበር አይቻለሁ። አይቼ ግን ልብ አላልሁትም።

የመርፌዋ ገዢ ስትሄድ ባንኮኒው ላይ አሥር ሳንቲሟን አገኘኋት። ቀይ መዳብ ናት፤ በአንድ ወገን የንጉሣቸው ራስ፣ በሌላው አበባ ላይ ያረፈች ንብ አለችባት። ነጠላዬን ሳልደርብ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሮጥሁ።

የአንኮበር መንገድ በዚያ ወቅት ሁለት ወገኑ የታጨደ ገብስ ነው፤ ነዶው ፀሐይ ሲነካው የሚሸት ሽታ አለው፤ ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ፊቴን አዞራለሁ። ከሩቅ አየኋት። የከተማ ሴት መስላኝ ነበር፤ ኬላው ላይ ቆማ ስትጠየቅ ሳይ ነው ወደ ገጠር የምትወጣ መሆኗን ያወቅሁት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ማንኛውም ባለ አእምሮ እዚያ ላይ ይቆማል። እኔ ግን በሐሳቤ ውስጥ ያለችው አሥር ሳንቲሟ ብቻ ነበረች፤ ሴትዮዋ ከኬላው አልፋ እንዳታመልጠኝ ብቻ ነበር ጭንቀቴ። ባንዳው ዘብ በእጁ «ሂጂ» ሲላት አየሁ። አንድ ሁለት እርምጃ ሄደች።

«እትዬ! መልስዎን! የአቡጀዲውን መልስ!»

ቆመች። ዘቡም ዞረ። አገሬው ሰው ነበር፤ አባቴ ዘንድ እየመጣ በዱቤ ጨርቅ የሚወስድ።

«የምን አቡጀዲ?» አላት እሷን። «ጨርቅ አልያዝሁም አላልሽም?»

«አልያዝሁም። ልጅቷ ተሳስታለች። አላውቃትም።»

ወደ እኔ መጣ። «እሷ ናት?»

ያን ጊዜ ዓይኗን አየሁ። አልተቆጣችም፤ እኔን ለማዳን የምትጣደፍ ነበር የምትመስለው። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ፤ ጓዳው፣ መቀነቱ፣ ባዶ እጇ።

«አይደለችም» አልሁ። «ተመሳስላብኝ ነው።»

ድምፄ እንደማይታመን ለራሴም ይሰማኝ ነበር። ዘቡ ተመልሶ ወገቧን በጠመንጃው አፈሙዝ ነካ አደረገ፤ ከዚያ መቀነቷን ያዘና ጎተተ። አቡጀዲው እየተተረተረ ወጣ። የእኔ ቁራጭ ብቻ አልነበረም፤ ሦስት አራት ቁራጭ ከተለያየ ሱቅ ገዝታ ደራርባ ታጥቃው ኖሯል። ነጩ ጨርቅ አፈሩ ላይ ተዘረጋ። አንድ ጣሊያን ከድንኳን ወጥቶ መምጣት ጀመረ።

«ከማን ገዛሽ?» አላት ዘቡ ቶሎ ብሎ።

«ከመንገድ፣ ከማላውቀው ሰው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እንደማንኛውም መንገደኛ ልጅ፣ «ሂጂ ልጄ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አለችኝ።

ዘቡም አየኝ። ማን መሆኔን ያውቃል፤ የየትኛው ሱቅ ልጅ መሆኔን ያውቃል። «ከዚህ ጥፊ» አለኝ በዝግታ። ለምን እንደለቀቀኝ ዛሬም አላውቅም፤ አባቴን አፍሮት ይሆናል፣ አዝኖልኝም ይሆናል። ሄድሁ። ሮጬ አልነበረም፣ መሮጥ አልቻልሁም። እጄን ስከፍተው ንቧ መዳፌ ላይ ታትማ ነበር።

አባቴ ከሰላት ሲመለስ ሁሉንም ነገርሁት። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመታኝም በወደድሁ። «ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ» አለ። በማግስቱ ዋጋውን ዘጠኝ ሊሬ ድፍን አደረገው። ተረስቶ የሚቀር የሳንቲም መልስ በሱቃችን እንዳይኖር ፈልጎ መሆኑን ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።

ሱቃችንን ማንም አልፈተሸውም። ሴትዮዋ አላወጣችንም ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ከእስር ቤቱ ሰዎች በካሚዮን ጭነው እንደወሰዱ ተወራ፤ ሴት እንደነበረችበትም ተወራ። ከሄዱት የተመለሰ የለም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ፈለግኋት። አንኮበር ገበያ ሄጄ፣ በየደብሩ ደጃፍ ቆሜ፣ ግራ አውራ ጣቷ ጥፍር የሌላት ሴት የጠፋችበት ቤት አለ ወይ እያልሁ ጠየቅሁ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስሟ ማነው?» ብዙ ሴት ጠፍቷል፤ የጥፍር ነገር ማን ያስታውሳል? አባቴ ከመሞቱ በፊት አሥር ሳንቲሟን ምን ላድርጋት ብዬ ጠየቅሁት። ባለቤቱ ያልተገኘ ሐቅ በባለቤቱ ስም ሰደቃ ይሰጣል አለኝ። ሰደቃ ሰጥቻለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰጥቻለሁ። ለድሃ ዘርግቼ «ለእገሊት ነው» የምልበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን አፌ ባዶ ይሆናል። ሳንቲሟ አሁንም ከሰንዱቄ ውስጥ አለች፤ ንቧ ተፍቃ ልትጠፋ ደርሳለች።

ብርድ ልብሱን የገዛን ቀን የሱቋ ልጅ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ አጠገቤ ተንበርክካ ሃምሳ ሳንቲሟን መዳፌ ላይ አኖረች። «አስደነገጥሁዎት መሰለኝ፣ ይቅርታ እማማ።»

«ስምሽ ማነው ልጄ?» አልኋት።

«ትዕግሥት።»

ሁለት ጊዜ ደግሜ አልሁት። ሰሚራ ሳቀችብኝ፤ ለሃምሳ ሳንቲም የሰው ስም እስከ ማጥናት ደረሽ አለችኝ። ስለ ዋጋው የነገረችኝ ልክ ይሆናል፣ የሰው ዓይን የመጀመሪያዋን ቁጥር ይይዝ ይሆናል። አባቴ ግን ዋጋውን ከአሥር ዝቅ ያደረገው የዚያች ሴት ስም መዝገብ ላይ እንዳይጻፍ ነበር። አልተጻፈም።