ሁለት ጊዜ የባረቀው መሣሪያ

«ማን ለያት?»

ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው፣ ጅራቱን እንደተያዘ አይጥ ከፊታቸው አርቀው ይዘውታል። ነፍስን ከሥጋ የሚለይ እግዚአብሔር መሆኑን ነገርኳቸው። እሳቸውም የእግዚአብሔር አድራሻ ስለማይታወቅ መጥሪያ እንደማይደርሰው መለሱልኝ። ባለቤቷን የአሸዋ መኪና የገጨባት ባለጉዳይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን አንድ ጊዜ እኔን ታያለች።

«‘ነፍሱ ከሥጋው ተለየች’ ስትል ሾፌሩ የት ሄደ?» አሉ። «ዳኛው የሚፈልገው ሾፌሩን ነው።»

ሾፌሩ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንደሚመጣ፣ ግጥም ላይ ዋናው ነገር ወደ መጨረሻ ቢመጣ እንደሚያምር ተከራከርኩ። ዳኛው ሦስተኛው አንቀጽ ድረስ የሚያነብ ይመስለኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡና በጀርባው በእስክሪብቶ ጻፉ፦ «ተጠሪ መኪናውን በፍጥነት ሲያሽከረክር ባለቤቴን ገጭቶ ገደለ።» ሴትዮዋ ሲነበብላት አለቀሰች። በእኔ ጽሑፍ አላለቀሰችም ነበር።

ያ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነው። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔ ግን ራፖር ጸሐፊ ነኝ። በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት የቆየ ሰው የሚያረጀው በሌላው ሰው ዕድሜ ነው።

ቢሯችን አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። የቆርቆሮ በር፣ አንድ አግዳሚ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮምፒውተር። የኮምፒውተሩ የ‘ፈ’ ቁልፍ በደንብ አይሠራም። ‘ፍትሕ’ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል፤ ‘በደል’ ግን በአንዴ ይጻፋል። ጋሽ ደምሴ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔን «ባለቅኔው» ይሉኛል፤ ማመስገናቸው አይደለም።

ሥራው ቀላል ነው። አመልካች ከላይ፣ ተጠሪ ከሥር፣ ‘ጉዳዩ’ መሐል ላይ ተሰምሮበት፣ መጨረሻ ላይ ‘ያቀረብኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ’። ባለጉዳዩ ከአያቱ ጀምሮ ይነግርሃል፤ አንተ ከአያቱ ሞት በኋላ ያለውን ትጽፋለህ።

በሦስተኛው ዓመቴ የፖሊስ ሪፖርት ማንበብ ቻልኩ። የራሱ ሰዋስው አለው። ሌባው ይሰርቃል፣ ሰካራሙ ይሳደባል፣ ጎረቤቱ ድንጋይ ይወረውራል። ሁሉም ባለቤት ያለው ግሥ ነው። የመንግሥት መሣሪያ የያዘ ሰው ሲመጣ ግን ማንም ምንም አያደርግም። ዱላ ያርፋል፣ ጥርስ ይወልቃል፣ ጥይት ይባርቃል። ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ የመጀመሪያ ቀን የገሠጹኝ በከንቱ እንደነበር ገባኝ። ገና ስጀምር ለጣቢያ መጻፍ የሚበቃ ችሎታ ነበረኝ።

ጋሽ ወልዴ የመጡት በአራተኛው ዓመት ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። ገብተው ቆሙ፤ ተቀመጡ ስላቸው ልብሳቸው ላይ ብናኝ እንዳለ ነግረውኝ እንደቆሙ ቀሩ። ልጃቸው ታምራትም ሸማኔ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የተሰነጠቀ መወርወሪያውን ሊያስጠግን ቀጨኔ ወደሚኖር እንጨት ሠሪ እየሄደ ሳለ ፖሊሶች ጉልት ቸርቻሪዎችን ሲያባርሩ ደረሰ። ሰው ሲሮጥ እሱ ቆመ። አንድ ኮንስታብል ተኮሰ።

ጣቢያው የሰጣቸውን ወረቀት አሳዩኝ። «የኮንስታብሉ መሣሪያ በድንገት ስለባረቀበት የአንድ ግለሰብ ሕይወት ሊያልፍ ችሏል» ይላል። ‘ሊያልፍ ችሏል’። ሕይወቱ ለረጅም ጊዜ ለማለፍ ሲሞክር ቆይቶ በመጨረሻ እንደተሳካለት።

የሆስፒታሉን የአስከሬን ምርመራ ውጤትም ይዘው ነበር። ጥይቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ትከሻ፣ አንዱ ደረት። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለት ጊዜ የሚባርቅ መሣሪያ በመዝገብ ቤት ዘመናቸው አንድም ቀን እንዳላዩ ተናገሩ። ኮንስታብሉ ሊታዘንለት የሚገባ ሰው ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ባረቀበት።

ለዐቃቤ ሕግ የሚቀርበውን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮራሁበት። ነፍስም ሥጋም የለበትም። «ሟች ምንም ዓይነት መሣሪያ ሳይዝ፣ መወርወሪያውን ብቻ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ሳለ ኮንስታብሉ ሁለት ጊዜ ተኩሶ ገደለው።» ጋሽ ደምሴ አንብበው አንድም ቃል ሳይሰርዙ መለሱልኝ። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ጋሽ ወልዴ ፈረሙ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የዐቃቤ ሕጉ ውሳኔ መጣ። ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። የባረቀው መሣሪያ ጠፍቷል፤ ከሁለት ጥይት ጋር መኖር አልቻለም። በቦታው ይህ ገብቷል፦

«አመልካቹ ራሳቸው በማመልከቻቸው እንዳመኑት፣ ሟች በወቅቱ የሚወረወር ነገር በእጁ ይዞ የነበረ በመሆኑና የፖሊስ አባሉም ሊደርስበት የነበረውን ጥቃት ለመከላከል ተመጣጣኝ እርምጃ የወሰደ በመሆኑ፣ ጉዳዩ አያስከስስም።»

መወርወሪያ። እኔ ቀጨኔ ነው ያደግኩት። በእኛ ሰፈር መወርወሪያ ማለት ማግ የተጠቀለለበትን ቀሰም ሆዱ ውስጥ ይዞ በድሩ መሐል ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ፣ ከመዳፍ ትንሽ የሚረዝም እንጨት ነው። ሕፃንም ያውቀዋል። ሌላ መወርወሪያ በዓለም ላይ ሊኖር እንደሚችል አላሰብኩም። ያን ወረቀት ያዩት ሰውዬ ግን ሸማ ሲሠራ አይተው አያውቁም፤ ወይም አይተው መርሳት ጠቅሟቸዋል። በእሳቸው መዝገበ ቃላት መወርወሪያ ማለት ሰው ላይ የሚወረወር ነገር ነው። ጣቢያው ያላገኘውን ምክንያት እኔ በነጻ፣ በጥሩ አማርኛ፣ በሦስት ኮፒ አቀበልኩት።

ጋሽ ደምሴ ስህተቱ የሁለታችንም መሆኑን ነገሩኝ፤ እሳቸውም አንብበውታል። ቀጥለው ግን ለባለጉዳዩ የምነግራቸው እኔ መሆኔን አከሉ። ማታ ሳይሆን አሁን፤ በስልክ ሳይሆን ሄጄ።

ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ጋሽ ወልዴ የሸማ መሥሪያቸው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው፣ እግራቸው መርገጫው ላይ ሆኖ ይሠሩ ነበር። ከጎናቸው ያለው የታምራት ሸማ መሥሪያ ድሩ እንደተወጠረ ነው። ውሳኔውን አነበብኩላቸው። ከዚያ ቃሉን ለዐቃቤ ሕጉ ያቀበልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ‘የሸማኔ ዕቃ’ ብዬ መጨመር እንደነበረብኝ ነገርኳቸው። ሥራቸውን አቆሙ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ሌላ ስም አለው?» አሉኝ።

እንደሌለው ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ምን ልትለው ነበር?»

ቅሬታውን በማግስቱ ጻፍኩ። ከማመልከቻው ሦስት ቃል ይበልጣል፦ «ለሽመና ሥራ የሚያገለግል መወርወሪያ»። ጋሽ ወልዴ ለዐቃቤ ሕጉ የበላይ ኃላፊ ሊያስረዱ ሲሄዱ አብሬ ገባሁ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ዕቃው በኤግዚቢትነት ተይዞ እንደሆነ ጠየቁ። ጣቢያው የመዘገበው ‘አንድ እንጨት’ ብሎ ነው፤ እንጨቱም አሁን የለም። ሌላ መወርወሪያ ይዘን ልንመጣ አስበን ነበር፤ በር ላይ ያለው ፈታሽ ምን እንደሆነ ጠይቆ ስሙን ሲሰማ ከለከለን። እውነቴን ነው። የሚወረወር ነገር ይዞ መግባት አይፈቀድም አለ።

ስለዚህ ጋሽ ወልዴ በባዶ እጃቸው አሳዩ። ጠረጴዛው ፊት ቆመው፣ ቀኝ እጃቸው ይልካል፣ ግራቸው ይቀበላል፣ ግራቸው ይልካል። የማይታየው ዕቃ ሲመላለስ ሁላችንም በዓይናችን ተከተልነው። ኃላፊዋ ወንበራቸው ላይ የተንጠለጠለውን ነጠላ ዞረው አዩ።

«ይሄ በሱ ነው የሚሠራው?»

«ሌላ በምን ይሠራል፣ እመቤቴ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ውሳኔው ተሻረ፤ ኮንስታብሉ በሰው መግደል ተከሰሰ። የአገራችን ፍትሕ እንደሚሠራ የሚጠራጠር ካለ ይህን ይወቅ፦ ይሠራል፤ ኃላፊዋ ያን ቀን ነጠላ ለብሰው ከመጡ።

ክሱ ከተመሠረተ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን አቶ ግርማ የሚባሉት የኮንስታብሉ አጎት ብቻ ነበሩ። ጋሽ ወልዴን ይዘው ወደ እኛው ቢሮ የመጡት፣ ሰውዬው የሚያምኑት የእኛን ጽሑፍ ነው ስለተባሉ ነው። የእርቅ ወረቀት እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። በችሎት ከቀረበ ለኮንስታብሉ ይጠቅማል። ረቂቁን በእጅ ጽፈው ይዘው መጥተዋል፤ እኔ የምተይበው ብቻ ነው። ጋሽ ደምሴ እኛ የማንንም ጽሑፍ እንደምንጽፍ፣ የሚፈርመው ግን ባለጉዳዩ እንደሆነ ተናግረው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

አቶ ግርማ ክፉ ሰው አይደሉም። ሲገቡ ለጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጥተዋል፤ ‘ወንድሜ’ ይሏቸዋል። የወንድማቸው ልጅ እንቅልፍ እንደሌለው፣ ሁለት ሕፃናት እንዳሉት ተናገሩ። ጋሽ ወልዴ በቤተ ክርስቲያናቸው፣ በምእመናን ፊት ቆመው ይቅር ማለታቸውን ሰምተው እንደመጡም ገለጹ።

«ብያለሁ» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ረቂቁን አነበብኩላቸው። «የኮንስታብሉ መሣሪያ በድንገት ስለባረቀበት የልጄ ሕይወት ያለፈ መሆኑን ተረድቼ፣ በሙሉ ፈቃዴ ይቅር ብያለሁ» ይላል። መሣሪያው ከጣቢያ ወጥቶ፣ በሁለት ጥይት ተባርሮ፣ በሽማግሌ ተመልሶ መጣ።

ጋሽ ወልዴ እንድደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩት።

«ባረቀ‘በት’ የሚለው ማንን ነው?»

«ኮንስታብሉን ነው» አልኳቸው። «ጉዳቱ በእሱ ላይ እንደደረሰ ይናገራል።»

«ልጄስ?»

«‘ያለፈ’ የሚለው ውስጥ ነው ያለው።»

ጋሽ ወልዴ መጻፍ እንድጀምር በእጃቸው አመለከቱኝ። «ልጄን ተኩሶ ገደለብኝ። ይቅር ብዬዋለሁ። በቃ፣ ይሄን ጻፍ።»

ጻፍኩ። ስድስት ዓመት ሌሎች ሰዎች የሚሉትን ሳስተካክል ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን ነጥቡንም አልነካሁም። ታተመ። ጋሽ ወልዴ ፈረሙና ወረቀቱን ወደ አቶ ግርማ ገፉት።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው። ማመልከቻ የሚጻፈው ሊረዳህ ለሚፈልግ ሰው አይደለም፤ ሊረዳህ ለማይፈልግ ሰው ነው። ስለዚህ ማን ምን እንዳደረገ አስቀድመህ ጻፍ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

አቶ ግርማ ቆመው አነበቡ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እርቅ አይደለም» አሉ። «ይሄ ምስክርነት ነው። ይሄን ይዤ ዳኛ ፊት ብቀርብ ልጁን በገዛ እጄ አስፈረድኩበት ማለት ነው።»

«ይቅር የምለው ያደረገውን ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ካላደረገ፣ ምኑን ይቅር ልበለው?»

አቶ ግርማ አንዴ ጋሽ ደምሴን፣ አንዴ እኔን አዩ። አንዲት ቃል ብቻ፣ አሉ፤ አንዲት ቃል ብትስተካከል ሁሉም ሰላም ያገኛል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመው ወጡ። አቶ ግርማ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው፣ በጥንቃቄ፣ የተፈረመው ወደ ላይ እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ። የቆርቆሮው በር ተዘጋ።