በአረንጓዴ ስባሪ ያየሁት እሳት

በጃንሆይ ጊዜ ቡራዩ አጠገብ አንድ የጡብ ምድጃ ላይ ተቀጥሬ ዓመታት እሳት አየሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ማየት። ጡቡ መብሰሉን በቀለሙ ለይቼ «አቁሙ» የምለው እኔ ነበርኩ። ዘዴውን ያስተማሩኝ አንጋፋው እሳት ቆስቋሽ፣ የሰበታው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም «ኦቦ» እንላቸው ነበር። ዘዴው የጠርሙስ ስባሪ ነው። ጡቡ ገና ቀይ ሳለ በአረንጓዴ ስባሪ ብታየው ድፍን ጨለማ ነው። ሙቀቱ ሲበቃው ግን በአረንጓዴውም ውስጥ ይበራል። ያኔ ማገዶ ይቆማል። አንድም ቀን አልሳትኩም።

ኋላ ፈረንጅ መሐንዲስ መጣ። በአንድ ዐይን የሚያዩበት ቱቦ ይዟል፤ ውስጡ የጋለ ሽቦ አለ። ሽቦው ከእሳቱ ቀለም ጋር ተመሳስሎ ሲጠፋ ሙቀቱ በቁጥር ይነበባል። ዕቃውስ ደህና ነበር። ክፉው በቱቦው እንዲታይበት ምድጃው ላይ ያስገጠመው መስተዋት ነው፤ በሁለተኛው ቀን ጥላሸት ለብሶ እሳቱን አደበዘዘው። እኔ በድሮው ክፍት ቀዳዳ ስባሪዬን ይዤ አየሁ። በርቷል።

ኦቦም ስባሪውን ተቀብለው አዩ። «ጋኤራ! በቅቶታል፣ አቁሙ!»

የሠራተኛው አለቃ፣ ካቦው፣ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «ቁጥሩ ገና ነው ይላል። አንተ ደግሞ ቁጥር ታውቃለህ?»

«መስተዋቱን አስጠርገው» አልኩት።

«ወይ መሐንዲስ! ጠርሙስህን ይዘህ ጠላ ቤት ሂድ!»

ማገዶ ተጨመረ።

ምድጃው ሲከፈት ጡብ የሚባል ነገር የለም። ቀልጦ፣ ተጣብቆ፣ አንድ ጥቁር ቋጥኝ ሆኗል። በዶማ ፈልጠን አወጣነው። በማግስቱ ካቦው ሁለት ወረቀት አመጣ። «መሰናበቻህ ነው። ጣትህን አኑር፤ አንዱ ላንተ ነው፣ ለሌላ ቀጣሪ ታሳየዋለህ።»

አሳየሁ። ሱሉልታ ሄድኩ፣ ሆለታ ሄድኩ። ምድጃ ያለው ሁሉ ወረቀቱን ያነብና አጥፎ ይመልስልኛል። «ሰው አንፈልግም።» ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ድንጋይ ተሸክሜ ልጆቼን አሳደግሁ።

ጎልምሼ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። እንደለየሁ ከሣጥን ያወጣሁት ያን ወረቀት ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ «ያለ ትእዛዝ ማገዶ አስጨምሬ ጡቡን ያቀለጥኩ እኔ ነኝ።» ከሥሩ አሻራዬ።

ኦቦ ቤት ይዤው ሄድኩና አነበብኩላቸው።

«ይኼን ለማን አሳየኸው?»

«ለሁሉም» አልኳቸው። «በገዛ እጄ።»