ሰርቨሩን አላጠፋሁትም

ዛሬ ጠዋት እዚህ ግብፅ፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ሰፈር ያለው የልጆቻችን ትምህርት ቤት ድረ ገጽ በምዝገባ መሃል ተንቀራፍፎ ሊቆም ደረሰ።

ሸይኽ ዛይድ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እናቶች ከሥራ ሰዓታቸው ሰርቀው ቅጹን እየሞሉ ነበር። ድረ ገጹን የያዘውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ገብቼ ሳየው፣ ፕሮሰስ ከምንላቸው ሥራዎች አንዱ ተቸክሎ ሌሎቹን ይዟቸዋል።

ግብፃዊው ባልደረባዬ ሃኒ «ኸላስ፣ በቃ አጥፍተህ አስነሳው!» አለኝ።

እጄ እምቢ አለ። ድሮ አዲስ አበባ የሠራሁበት የኢንተርኔት ካፌ ባለቤት፣ ጋሽ ተፈራ፣ ትዝ አሉኝ። ኮምፒውተሮቹ ሲያስቸግሩ ዋናውን ማብሪያ አያስነኩንም ነበር። «ተው ልጄ፣ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ይጨርስ» ይሉናል።

አዲስ የሚገቡትን ሰዎች ለጊዜው አቆየሁና የተቸከለውን ብቻ ገደልኩት። (ደግነቱ በእኛ ሙያ መግደል አያሳስርም።) ሌሎቹ ሥራቸውን ጨረሱ፤ የማንም ምዝገባ አልጠፋም።

ወዲያው ለጋሽ ተፈራ ልደውል አሰብኩ። ስልካቸው ግን መሥራት ካቆመ ቆየ።

እናንተስ፣ ሥራ ያስተማራችሁ ሰው ድምፅ ድንገት መጥቶባችሁ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ።