በሁዳዴ የሳብኩት ቬፕና የተተከለው ጥርሴ

በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፌ አይዞርም፤ በዚህ ማንም አይጠረጥረኝም። ጎንደር ላይ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በብሎን የሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ ያስተከልኩት ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። የጥርስ ሐኪሟ፣ «አጥንትህ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዘው ሲጋራ እንዳታጨስ» አለችኝ። ሲጋራማ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ያለው ቬፕ፣ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ እያተነነ የሚሳበው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ቬፕ እንፋሎት ነው፤ ጥርስም አይጎዳ፣ ጾምም አያስፈታ ብዬ፣ የንስሐ አባቴን እንኳ ሳልጠይቅ ራሴው ፈረድኩ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ረሃቡ ሲጠናብኝ ሳብ ሳብ አደርጋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ድዴ አብጦ ይደማ ጀመር። ሐኪሟ ብሎኑን ነካ ስታደርገው ተነቃነቀ። ቬፕ ስስብ መክረሜን ነገርኳት።

«ኒኮቲኑ ወደ ድድህ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ እንፋሎቱም አፍህን ያደርቀዋል። ታዲያ አጥንቱ በምን ይዳን?» አለችና ነቅላ አወጣችው።

ወደ ትውልድ መንደሬ ኮሶዬ ወጥቼ ለወላጅ አባቴ ነገርኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ፣ አንድም ጥርስ ያልጎደላቸው ሰው ናቸው። ገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ጨርሰው ሰሙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ውሃ የከለከልከውን አፍ ጭስ ታጠጣዋለህ?»

«ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው» ልል አፌን ስከፍት ዓይናቸው ክፍተቱ ላይ አረፈ። መልሼ ዘጋሁት።