ጋሼ ሁለት መቶ ሃያ

ሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። «ጋሼ ሁለት መቶ ሃያ» ነበር የሚባለው፤ ያወጣሁለት ደግሞ እኔ ነኝ። የትኛውንም ሶኬት ቢለካ፣ የቮልት መለኪያ ቴስተሩን ደረቱ ድረስ አንስቶ ትንሽ ያይና «ሁለት መቶ ሃያ» ይላል። ሌላ ቁጥር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጥገና ክፍል ውስጥ ይህን እያነሳን እንስቅ ነበር። እኔ ግን ከሁሉም ቀድሞ ገብቶኛል፤ የሰውዬው ዓይን ማየት አቁሟል።

አላሳዘነሽም ወይ እንዳትሉኝ። አላሳዘነኝም። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንዳስተማረኝ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ብሎን ከሳትኩ በካቻቢቴው እጀታ ጣቴን ይመታኝ ነበር። «አንቺንና ኤሌክትሪክን ምን አገናኛችሁ?» ይለኛል፣ ሰው ፊት። አንድ ቀን አንድ የሕክምና ማሽን ጠፍቶ ሳለ ሶኬቱን ለክቼ «ደህና ነው» ብዬ ብመጣ፣ ኮሪደሩ ሙሉ እስኪሰማ ጮኸብኝ፦ «ማሽን ሳይሠራ የተለካ ቮልት፣ ቮልት አይደለም። ስንቴ ልንገርሽ?» ነርሶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ያን ቀን ቂም ያዝኩ።

ጡረታ ሊወጣ አሥር ወር ቀርቶት ነበር። ሚስቱ ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው፣ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያው እኛ ጋ ትታጠባለች፤ የሠራተኛ ቤተሰብ ስለሆነች። በጡረታ ከወጣ የሕክምና መብቱ ይቀጥልለታል። ከተባረረ ግን ሚስቱ በማግስቱ የእጥበት ወንበሯን ትለቃለች። ይህን አላውቅም ነበር ብል ዋሸሁ።

በዚያ ሰሞን የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ማሽኖች፣ ጠዋት ሁሉም ሲከፈቱ እየጮኹ ይቆሙ ጀመር። ማሽን ሲቆም ነርሷ ውስጡ የቀረውን ደም በእጇ እያሽከረከረች ነው ለታማሚው የምትመልሰው። ኃይል የሚሰጣቸው ዩፒኤሱ ነው፤ መብራት ቢጠፋ በባትሪ እንዲያቆያቸው ጎረቤት ክፍል የተተከለ ትልቅ ሳጥን። የሳጥኑ ስክሪን ሁለት መቶ ሃያ ይላል፤ ማሽኖቹ ደግሞ ቮልት አነሰን ይላሉ። አለቃችን «ነገ ጠዋት እኔ ባለሁበት ይፈተሽ» አለ።

ከሰዓት በኋላ የጋሼን ቴስተር ከመሳቢያው አወጣሁና ባትሪውን ነቀልኩት።

በማግስቱ ጋሼ መጀመሪያ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጠፈ። ከዚያ በመዳፉ እየዳበሰ ዞረው። ከኋላ፣ ወደ ማሽኖቹ የሚሄዱት ገመዶች የታሰሩበት ክዳን ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይሄ ይሞቃል» አለ። «ውስጥ ያለው ብሎን ላልቷል።»

«በዳበሳ አይሆንም ጋሼ» አለ አለቃው፣ «ቁጥር ስጠኝ።»

ጋሼ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በለመደ እጁ ሳጥኑ ጎን ያለው ሶኬት ውስጥ አስገባ። ደረቱ ድረስ አነሳው። «ሁለት መቶ ሃያ። ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ ቮልቱ የሚወርደው እዚያ ብሎን ላይ ነው።»

«ጋሼ፣ እስቲ ለአለቃችን አሳየው» አልኩ፤ ድምፄ ማር ነበር።

አዙሮ አሳየ። ስክሪኑ ባዶ ነው። አለቃው ተቀብሎ ገለባበጠው፣ የባትሪውን ክዳን ከፈተው፣ ባትሪ የለም። ሊያይ የተሰበሰበው ሠራተኛ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጋሼ ወዴት እንደሚዞር ጠፋው።

«ትናንት ነበረው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ የእኔን ሳቅ ለይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ብሎኑን አጥብቂው» አለኝ። በማግስቱ፣ ሳይለካ ቁጥር ይሰጣል ተብሎ የስንብት ደብዳቤው ተሰጠው።

ቦታው ለእኔ ሆነ። ብሎኑን ነካሁት? አልነካሁትም። በእሱ ቃል አልሄድም ብዬ እልህ ያዘኝ። ማሽኖቹ ጠፍተው ሳለ ክፍሉ ውስጥ ለካሁ፤ ሁለት መቶ ሃያ። «የሳጥኑ የውስጥ ቦርድ ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ቦርድ ታዘዘ። ማሽኖቹ እየጮኹ ቀጠሉ። የጋሼ ሚስት ሌላ ሆስፒታል ተራ ስትጠብቅ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሞተች።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ለቅሶ ሄድኩ። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚጨብጡትን እጆች እየዳበሰ ይቀበላል። የእኔን ሲይዝ አልለቀቀውም፤ ጣቶቼን ያውቃቸዋል።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ።

«ብሎኑን አጠበቅሽው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ማሽኖቹ እየሠሩ ለካሽ?»

«ለካሁ።»

«ስንት አለ?»

«ሁለት መቶ ሃያ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ጎሽ» አለኝ። «እነዚያ ታማሚዎች እንኳ ይትረፉ።» ይህን ሁሉ ዓመት ጎሽ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ማሽኖቹ ሁሉ እየጮኹም ቢሆን ይሠሩ ነበር። እጥበት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሶኬት ለካሁት፤ መቶ ሰባ ስምንት። ሄጄ የሳጥኑን የኋላ ክዳን ብነካው መዳፌን ፈጀኝ። የመጨረሻው ታማሚ እስኪነሳ ጠብቄ ሳጥኑን አጠፋሁና ክዳኑን ከፈትኩ። ብሎኑ ለመጥበቅ የፈለገው ግማሽ ዙር ብቻ ነበር።